የአጎቴ ኮዲ

አክስቴ ከኬንያዋ ሞያሌ ደውለው «ልጄ፣ ሬት መጣብኝ» ሲሉኝ፣ ሐኪም ያዘዘላቸው መስሎኝ «ከማር ጋር ይውሰዱት፣ ለብቻው አይዋጥም» ብዬ መከርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ሂሳቡ እየቆጠረ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ጮኹብኝ። «የምን ማር! የመሬት ሬት ነው የምልህ! የቤቱ!»

ላንድ ሬት ማለታቸው ነበር። ኬንያ ውስጥ ቦታ የያዘ ሰው በየዓመቱ ለካውንቲው የሚከፍለው ግብር ነው። አክስቴ የእንግሊዝኛውን ስም ጫፉን ቆርጠው ሬት ብለውታል፤ ገና ሳይቀምሱት መምረሩን እንዴት እንዳወቁ እሳቸው ያውቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የቤቱን ወረቀት የሚይዙት እሳቸው ነበሩ፤ አክስቴ የሚይዙት ሱቁን ነው። ታዲያ ገበያ ላይ «ሬት ያልከፈለ ቦታው ይነጠቃል» የሚል ወሬ ሰምተው እንቅልፍ አጡ። ከዘመድ ሁሉ መርጠው ለኔ የደወሉት የተማርኩ ስለሆንኩ ነው። የተማርኩት ታሪክ ነው፤ የምተዳደረው ደግሞ የሰው ጽሑፍ በማረም። ለአክስቴ ግን የተማረ የተማረ ነው። ጥርሳቸውን ሲያማቸውም ለኔ ነው የሚደውሉት።

ከጥምቀት ማግስት ተነሣሁ። ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞያሌ ወዲያ ናይሮቢም ያንኑ ያህል ትርቃለች፤ ከሁለት ዋና ከተማ እኩል የራቀች እንደሷ ያለች ከተማ ስለመኖሯ እንጃ። በዚያው በጥር 2017 ዓ.ም. ምክር ቤታችን የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቆ ስለነበር አውቶቡሱ ውስጥ ከሐዋሳ እስከ ዲላ የተወራው እሱ ብቻ ነው። ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ «እኔ እኮ ቤቴን ለመሸጥ አላሰብኩም፣ ዋጋዋን ለምን ይነግሩኛል?» እያሉ ሲሟገቱ ነበር። እኔ ግን ዝም ብዬ ተጓዝኩ። የጎረቤት አገር ግብር ልመረምር የምሄድ ሰው በእንዲህ ያለ የአገር ውስጥ ክርክር ውስጥ አልገባም።

ድንበሩ ላይ ሁለቱ መንግሥታት በ2020 እ.ኤ.አ. ዲሴምበር ያስመረቁት የጋራ መቆጣጠሪያ ጣቢያ አለ፤ ወረቀቴን አስመታሁና ተሻገርኩ። እዚህ በቀኝ የሚነዳው መኪና እዚያ በግራ ይነዳል። እኔ ወደ ለመድኩት ወገን አይቼ መንገዱ ውስጥ ስገባ፣ ቦዳ ቦዳ የሚሉት ሞተር ብስክሌት በሌላው በኩል መጥቶ ጃኬቴን ዳስሶ አለፈ። እንዲያው ነገሩን ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ እዚያ የምቆጥረው ሁሉ ከተገላቢጦሹ መጀመር እንዳለበት ያኔውኑ ይገባኝ ነበር።

አክስቴ ቡና ካጠጡኝ በኋላ የብስኩት ቆርቆሮውን አመጡ። ክዳኑ ላይ አንዲት ፈረንጅ ሴት ሻይ እየቀዳች ትስቃለች። ውስጡ ያለው የአጎቴ ዕድሜ ነው፦ የድሮው ካውንቲ ካውንስል ደረሰኞች፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋክቱሮች፣ ጥግ ጥጉ በአይጥ የተበላ የቦታ ምደባ ደብዳቤ፣ እና በላስቲክ የታሰረ ሰማያዊ ደብተር።

ካርታ ፈልጌ ነበር። እኛ አገር ቤት አለኝ ላለ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ካርታ አለው?» ነው። አክስቴ «ካርታ የለንም፤ ይቺ ሌተር ናት ያለችን» አሉኝ። ለካ በሰሜን ኬንያ ሰፊው መሬት ለየግለሰቡ ተመዝግቦ አያውቅም። ድሮ ካውንቲ ካውንስሎቹ በአደራ ይዘውት ቆይተው፣ ከ2010ሩ ሕገ መንግሥትና ከ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የማኅበረሰብ መሬት ሕግ ወዲህ ያልተመዘገበውን የማኅበረሰብ መሬት በአደራ የሚይዘው ካውንቲው ሆኗል። ሞያሌ ያለችው በማርሳቢት ካውንቲ ነው። ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው የሚኖረው እንደ አጎቴ በምደባ ደብዳቤ ነው። ይህን ያወቅሁት ግን በሦስተኛው ቀን ነው። በመጀመሪያው ምሽት በስልኬ የመንግሥት ድረ ገጽ ከፍቼ፣ የባለቤትነት ምስክር ወረቀት ቁጥር በሚጠይቀው ሳጥን ውስጥ የደብዳቤዋን የፕሎት ቁጥር እየደጋገምኩ ስከት፣ ማሽኑም «የለም» እያለ ሲመልስልኝ አመሸሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለአክስቴ «ቤታችሁ የለም» ብዬ ነገርኳቸው። ጣሪያውን ቀና ብለው አይተው ተኙ።

በማግሥቱ ደብዳቤዋን በብርሃን አነበብኳት። የቦታው ስፋት «50 × 100» ይላል። አምስት ሺህ ካሬ! አዲስ አበባ ውስጥ ለ175 ካሬ ሜትር የሚጣላው ወንድማማች ስንት ነው፣ አክስቴ ግማሽ ሄክታር ላይ ተቀምጠው ሬት መጣብኝ ይላሉ። በአዲስ አበባ ልማድ በካሬ አባዛሁ፣ የሦስት ዓመት አደረግሁት፣ ቅጣትና ወለድ ጨመርኩበት። ከመቶ ሺህ ሽልንግ በላይ ወጣ። እርሳሴን አስቀምጬ ውኃ ጠጣሁ።

ከዚያ ግን ሌላ ነገር ከነከነኝ። ግቢው ግማሽ ሄክታር አይመስልም። ከሱቁ ደጃፍ ተነሥቼ በእርምጃ ብለካው በአንደኛው በኩል አሥራ አምስት ላይ አጥር ገጨሁ። በርዝመቱ በኩል ሠላሳ ላይ የጎረቤት ግድግዳ። የቀረው የት ገባ? ደሜ ፈላ። ድንበር መግፋት ማለት ይህ ነው! አጎቴ ሞቱ፣ አክስቴ ሴት ናቸው፣ ማን ይጠይቀኛል ብሎ ሰው መሬታቸውን በላው ማለት ነው።

ደብዳቤዋን ይዤ የጎረቤቱን በር አንኳኳሁ። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ከፈቱልኝ። የሚያውቁት አማርኛ ጥቂት ነው፤ የኔ ኦሮምኛና ስዋሂሊ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ወረቀቱን ዘርግቼ ቁጥሩን በጣቴ እየመታሁ «ሃምሳ! መቶ! የት አለ?» አልኳቸው። ረጋ ብለው አዩኝና «ፉቲ» አሉ።

«አመሰግናለሁ አባቴ፣ አሁን ሻይ አልጠጣም» አልኩ።

«ፉቲ፣ ፉቲ» አሉ አሁንም በእጃቸው ወረቀቱን እያሳዩ። ፉት በል እያሉ የሚያባብሉኝ መሰለኝና ይበልጥ ተናደድኩ። በኋላ ከመደርደሪያ ላይ የልብስ ሰፊ መለኪያ ጥቅልል አወረዱ። አንድ ጠርዙ በሴንቲ ሜትር፣ ሌላው በኢንች ነው። በኢንቹ በኩል ገለበጡትና አሥራ ሁለት ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው ጫማቸውን አጠገቡ አኖሩት። ፉቲ ማለት ጫማ ነው፤ የእንግሊዝ ጫማ። ኬንያ ሜትር ከተቀበለች ስንት ዘመኗ፣ የከተማ ቦታ ግን እስካሁን ሃምሳ በመቶ በጫማ ይሸጣል፤ «የኤከር አንድ ስምንተኛ» እያሉም ይጠሩታል። በኛ ሜትር ሲለካ 15 ከሩብ በ30 ከግማሽ ገደማ፣ ማለትም ወደ 465 ካሬ ነው። እንግዲህ አጥሩ እዚያው የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ግማሽ ሄክታሩ ከኔ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣ ነው።

ሽማግሌው ሻይ አስቀዱልኝ። ፉት አልኩት።

እዚህ ላይ ማቆም የሚገባው ሰው ያቆማል። እኔ ሰማያዊውን ደብተር ከፈትኩ።

አጎቴ ደብተራቸውን የጻፉት በአማርኛ ፊደል ነው፤ ቃሉ ግን አራት አገር የዞረ ነው። ስኳሩ ሱካሪ ነው፣ ዱቄቱ ኡንጋ ነው፣ ወራቱ የኛ፣ ዓመተ ምሕረቱ ባብዛኛው የፈረንጅ። አንዱ ገጽ ላይ «መስከረም 2009» ሲል የትኛው 2009 እንደሆነ ለማወቅ የስኳሩን ዋጋ አይቶ መገመት ይጠይቃል። ሆኖም በየወሩ ሳትጎድል የምትመጣ አንዲት መስመር አለች፦ «ኮዲ — 12,000»።

የጎረቤቱን የልጅ ልጅ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ቀልጣፋ ልጅ፣ ጠርቼ «ኮዲ ምንድን ነው?» አልኩት። «ታክስ» አለኝና ኳሱን ተከትሎ ሮጠ።

ተነሥቼ ቆምኩ። አጎቴ በየወሩ 12,000 ሽልንግ ግብር ይከፍሉ ኖሯል! በዓመት 144,000። ሦስቱን የመጨረሻ ዓመታት ብቻ ብደምር 432,000። ለ465 ካሬ! ይህ ዕዳ ሳይሆን የሚመለስ ገንዘብ ነው። አክስቴን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ ግን ባለሥልጣኑ ፊት አውጥቼ ላስደንቃቸው ፈለግሁ። የዚህ ወግ ጥፋት ሁሉ የተቋጠረው እዚች ላይ ነው።

ቀጠሯችን በአራት ሰዓት ነበር። እዚህ አንድ መልካም ነገር ልመስክር፦ የስዋሂሊ ሰዓት እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጠረው፤ «ሳ ንኔ» ካሉህ አራት ሰዓት ነው፣ አትሳሳትም። በድንበሩ ላይ ሳልሳሳት ያለፍኳት ብቸኛዋ ቁጥር እሷ ናት። ቢሮው ትንሽ ነው፤ አንዲት ሻሽ ያሰረች ወጣት ትልቅ መዝገብ ፊቷ ዘርግታ ተቀምጣለች። አክስቴ በኦሮምኛ ሰላምታውን ከከብቱ እስከ ዝናቡ አዳርሰው ጨረሱ። እኔ ደብተሩን ከብብቴ ሥር አጥብቄ ይዣለሁ።

በመጀመሪያ አጎቴ ጠፉ። ልጅቷ በስማቸው ፈለገች፣ የሉም። በአባታቸው ስም ፈለገች፣ የሉም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ አንድ ሰው ራሱ፣ አባቱና አያቱ ነው። መዝገቡ ግን የሚደረደረው በመጨረሻው ስም ነው። አክስቴ «በአያታቸው እስቲ» ሲሉ፣ ልጅቷ ብዙ ገጾች ገለጠችና ጣቷን አሳረፈች። አጎቴ እዚያ ነበሩ፤ በሕይወት አይተዋቸው በማያውቁት አያታቸው ስም ተጠልለው። የፕሎት ቁጥሩ፣ 50 በ100ው፣ የሚከፈለው፣ የተከፈለው፣ የቀረው በየዓምዱ ሰፍሯል። ያልተከፈለው የሁለት ዓመት ነው። ጠቅላላው ዕዳ ከነወለዱ አምስት ሺህ ሽልንግ አይሞላም።

አክስቴ እፎይ አሉ። እኔ ግን የመጣሁት ለእፎይታ አልነበረም። «የጣሪያና ግድግዳውስ?» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ። አክስቴ ተረጎሙ። ልጅቷ አልገባትም። ጣሪያውን አሳየኋት፣ ግድግዳውን መታሁላት። ቤቱ የሚፈርስ መስሏት ደነገጠች።

ይህ አለመግባባት የአተረጓጎም ብቻ አይደለም፤ የሁለት አገር መንገድ ነው። እኛ ዘንድ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ ባለቤት ነኝ የምትለው ከመሬት በላይ ያለውን ነው። በዓመቱ የወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1968 ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር ይላል። በዚያ አዋጅ ለአፈሩ ተከራይ ነህ፣ ለግድግዳው ግብር ከፋይ። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ የቤቶችን ዓመታዊ የኪራይ ግምት እንደ አዲስ ስታወጣ አገር ምድሩ ጣሪያና ግድግዳ እያለ የጮኸው ለዚህ ነው። ኬንያ ደግሞ ከቅኝ ግዛት ዘመን የወረሰችው ልማድ በብዙ ከተማ የሚገምተው ባዶውን ቦታ ነው። ፎቅ ብትሠራበት፣ የቆርቆሮ ኪዮስክ ብታቆምበት፣ ሬቱ ያው ነው። ናይሮቢ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በተገመተ የቦታ ዋጋ ለአሥርተ ዓመታት ስታስከፍል የኖረችው በዚሁ መንገድ ነው። ትንንሾቹ ከተሞች ዘንድ ካውንቲው በዓመታዊ የፋይናንስ ሕጉ በየፕሎቱ ቁርጥ ያለ ክፍያ ሊያወጣ ይችላል። እንግዲህ አንዱ አገር ጣሪያዬን አይቶ መሬቴን አያይም፤ ሌላው መሬቴን አይቶ ጣሪያዬን አያይም። ዝናብ ሲያፈስብኝ የትኛው አገር እንደሚሻለኝ እስካሁን አልወሰንኩም።

በመጨረሻ ደብተሩን አወጣሁ። «አጎቴ ከዕዳቸው በላይ ከፍለዋል» አልኩ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ጠበቃ። «ተመላሽ እንጠይቃለን። ኮዲ፣ በየወሩ 12,000።»

የአማርኛውን ፊደል ስለማታነብ አንብቤ አሰማኋት። ኮዲ፣ ኮዲ፣ ኮዲ። አክስቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ልጅቷ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ኮዲ ያ ኙምባ?» አለች።

አክስቴ ጎኔን በክርናቸው ወጉኝ። «ዝም በል አንተ ልጅ! የተከራዮቹ ነው!»

ስዋሂሊው ለግብርም ለቤት ኪራይም አንድ ቃል ነው ያለው። የመሬቱም ኮዲ ነው፣ የቤቱም ኮዲ ነው። አጎቴ በጓሮ አራት ክፍል ሠርተው እያንዳንዷን በ3,000 ሽልንግ ያከራዩ ነበር። የጻፉት የከፈሉትን ሳይሆን የተቀበሉትን ነው። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ፊት ቆሜ፣ ቀንና መጠን እየጠቀስኩ፣ ሟቹ አጎቴ ያገኙትን ገቢ ሁሉ ዘርዝሬ አስመዘገብኳቸው።

ኬንያ ውስጥ ደግሞ በመኖሪያ ቤት ኪራይ ገቢ ላይ የሚጣል ለብቻው ታክስ አለ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 10 በመቶ ነበር፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ 7.5 በመቶ ሆኗል። ልጅቷ ይህን ስትነግረኝ መቀመጫ ፈለግሁ። ለአክስቴ ዕዳ ላጣራ መጥቼ አዲስ ዕዳ ልወልድላቸው ነው። ፊቴ ሲቀየር አይታ መሰለኝ ካልኩሌተሯን ሳበችና ሠራችልኝ። ታክሱ የሚጀምረው በዓመት ከ288,000 ሽልንግ በላይ ለሚያገኝ ነው፤ የአጎቴ 144,000 ነው፣ ልክ ግማሹ። «ለማንኛውም እሱ የብሔራዊው መንግሥት ጉዳይ ነው» አለች፤ «እኔ የማየው ሬት ብቻ ነው።» ከዚያ ሳቋን መያዝ አቃታት። አክስቴም አልቻሉም። ሁለት ሴቶች ጠረጴዛ ተደግፈው በአንድ ቃል ሲንፈራፈሩ እኔ ደብተሩን በላስቲኩ አሠርኩ።

ውጭ ስንወጣ ክብሬን ለማዳን ሞከርኩ። «ምን ዓይነት ቋንቋ ነው፣ ኪራይና ግብር አንድ የሚሆንበት!»

አክስቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ያንተስ? ንጉሥ ግብር አበላ ስትሉ ኖራችሁ የለ? የሚበላውም ግብር፣ የሚከፈለውም ግብር። እኔ ልጅ ሆኜ ሜጋ ሳለን አባቴ ግብር ሊከፍል ሄደ ሲሉኝ ሥጋ ይዞልኝ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ውያለሁ።»

መልስ አልነበረኝም። የ1968ቱ አዋጃችን ራሱ የቦታውን ክፍያ ኪራይ እንደሚለው ትዝ ያለኝም ያኔ ነው፤ አልነገርኳቸውም።

ክፍያው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አክስቴ በስልካቸው ኤምፔሳ ከፈቱ፣ የይለፍ ቁጥራቸውን ሲጫኑ እኔ እንዳላይ ዞር አሉ። መልእክቱ ገባ። ልጅቷ ደረሰኝ ቆርጣ ሰጠችና አንድ ነገር አሳሰበች፦ ቤቱ ወደ አክስቴ ስም ሲዛወር የሬት ክሊራንስ መጠየቁ አይቀርም፣ ስለዚህ ደረሰኙ እንዳይጠፋ። በብር ስንት እንደሆነ ላሰላ ጀመርኩና ተውኩት። ብራችን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ወርዶ ወርዶ ያን ሰሞን ከሽልንጉ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም ነበር። በባንኩ ዋጋ ድሮ አንዱ ብር ሁለት ሽልንግ ከምናምን ይገዛ ነበር። ያኔ ሂሳቡ ቀሎ ነበር፤ ይህን ያህል ቀላል ባይሆን ይሻለኝ ነበር።

ማታ አክስቴ ቆርቆሮውን ከፈቱ። ደረሰኙን ከምደባ ደብዳቤዋ ጋር አጥፈው አኖሩ። ከዚያ ሰማያዊውን ደብተር አወጡ፣ አጎቴ ካቆሙበት ቀጥሎ ያለውን ነጭ መስመር አገኙ፣ የኔን የእርማት ቀይ ብዕር ተዋሱኝ። ቀኑን በኛ ጻፉ፣ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ። ቀጥለው «ኮዲ» ብለው የከፈሉትን ገንዘብ ልክ ባጎቴ ኪራይ ሥር፣ እዚያው ዓምድ ውስጥ አስገቡት።

«እሱ እኮ ገቢ ነው፣ ይሄ ወጪ ነው» አልኩ።

«ያው ኮዲ ነው» አሉና ክዳኑን ጫኑት።